ድምፁ ይጠፋል?

ባለፈው ሳምንት የልጄን ልጅ ናቲን ይዤ እዚሁ አዳማ፣ መናኸሪያው አካባቢ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ወደ አንዱ ገባሁ። ዓመቱን ሙሉ "ክፍሌን ካለፍኩ በእጅ የሚያዝ ጌም ትገዢልኛለሽ" እያለ ሲነዘንዘኝ ከርሟል። እኔም የት አባቱ ያልፋል ብዬ ነበር እሺ ያልኩት። ጉድ ሠራኝና አለፈ።

ሻጩ ጢም ለማብቀል የሚታገል ወጣት ነው። ሁለት ዓይነት አምጥቶ መስታወቱ ላይ አስቀመጠልኝ። አንደኛው ትልቅና የሚያብረቀርቅ፣ ሌላኛው ትንሽ፣ እዚህ ግባ የማይባል። የናቲ ዓይን ትልቁ ላይ ተተክሎ ቀረ።

"ማዘር፣ በትልቁ እንዳይሸወዱ" አለኝ ሻጩ። "ሁሉ ነገር አለው፤ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ይቺን ትንሿን ግን ገና ካርቶኗን ሳልከፍት ነው የሚጨርሱብኝ።"

"ለምን ይመስልሃል?"

"ባትሪዋ ይቆያላ። ርካሽ ናት። ብትወድቅም አትሰበርም።" ትከሻውን ሰበቀ። "እንጃ ማዘር፣ ሰው ወደዳት፣ በቃ።"

ሰው እንዲሁ በቃ ብሎ የሚወደው ዕቃ የለም። ይህን የተማርኩት ይሄ ልጅ ከመወለዱ በፊት፣ እኔም እንደሱ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ እንዲህ ያለ መጫወቻ ስሸጥ ነው። ትንሿን አንስቼ አገላበጥኳት። ሳላስበው ከአፌ አንድ ጥያቄ አመለጠ።

"ድምፁ ይጠፋል?"

ይህን ጥያቄ ስንቴ ሰምቼዋለሁ መሰላችሁ፤ በደርግ ጊዜ፣ ከስንት እናት አፍ። ያኔ ጠያቂዋ እኔ አልነበርኩም። እኔ "ይጠፋል" ባይዋ ነበርኩ።

ከተማው ያን ጊዜ ናዝሬት ነው የሚባለው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ሥራ የሚባል ነገር ጠፍቶ፣ እናቴ ታናሽ እህቷ ሱቅ አስገባችኝ። አክስቴን እቴቴ ብርቄ ነበር የምንላት። ባል አግብታ ፈታ፣ ደግማ አግብታ ደግማ ፈታ፣ ከዚያ በኋላ ባሌ ባቡሩ ነው ትል ነበር። በባቡር ድሬዳዋ ትወርድና ዕቃ ይዛ ትመለሳለች። የሱቋ ፊት ሳሙና፣ ክብሪትና ሻማ ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን ግን የሚያየው የሚታመን ሰው ብቻ ነው። ባቡሩ ሲገባ ጣቢያው ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል። እቴቴም ብርቱካን በተሞላ ዘንቢል ሥር ሽቶውን፣ የናይለን ሸሚዙንና የእጅ ሰዓቱን ደብቃ፣ ፈታሹን እያሳቀች ታልፋለች።

አንድ ጊዜ ታዲያ በዚያ ዘንቢል ሁለት ዓይነት የእጅ መጫወቻ ይዛ መጣች። እንደዚያ ያለ ነገር በዓይናችን አይተን አናውቅም። የመጀመሪያውን "አውሮፕላኑ" አልነው። ቀለም አለው፣ ይበራል፣ ይተኩሳል፣ ጩኸቱ ጎረቤት ይሰማል። ሁለተኛው አመድማ ነው። ጥቁር ትንሽ ሰውዬ ጆንያ ተሸክሞ ድልድይ ያቋርጣል፤ የድልድዩ ሳንቃ ከሥሩ ይወድቃል፤ ግራና ቀኙን እየተጫኑ ሰውዬውን ማሻገር ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። እሱን "ኩሊው" አልነው። መጫወቱን ሲተዉት ሰዓት ይሆናል፣ መቀስቀሻም አለው። ከጀርባው ደግሞ በጥፍር የምትገፋ ድምፅ ማጥፊያ አለችው።

እኔም እቴቴም ያተርፈናል ያልነው አውሮፕላኑ ነበር። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ሊያየው ተሰለፈ። የገዛ ግን አልነበረም። አራት የባትሪ ድንጋይ ይበላል፤ የባትሪ ድንጋይ ደግሞ በዚያ ዘመን ቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ቆመውም አይገኝም። ኩሊው የሸሚዝ ቁልፍ በምታክል የሰዓት ድንጋይ ወራት ይሠራል፤ ያቺን ድንጋይ ዛፍ ሥር የሚቀመጠው ሰዓት ሠሪ አያጣትም። ኩሊው ተሸጦ አለቀ። እቴቴ ደግማ አመጣች፣ ደግሞ አለቀ። ነገሩ የድንጋይ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ብልህ ነጋዴ ነኝ ባይ ሁሉ ከዚያ አያልፍም። የገዢዎቹን ፊት ማየት ጀመርኩና ግን ግራ ገባኝ። የሚገዙት ልጆች አልነበሩም። ሴቶች ናቸው፣ የእናቴ እኩዮች።

አንዷን አልረሳትም። ከሁሩታ ነው የመጣችው፤ ጫማዋ ላይ የአርሲ ጭቃ ደርቋል። መጋረጃው ጋ ተጠግታ፣ "ልጄ፣ ያ ሰውዬው ጆንያ የሚሸከምበት አለ?" አለችኝ።

"አለ እማማ።"

"ድምፁ ይጠፋል?"

"ይጠፋል።" ማጥፊያዋን ገፍቼ ሰጠኋት። ጆሮዋ ላይ ለጥፋ አዳመጠች። አገላብጣ እንደገና አዳመጠች።

"ምንም አይልም?"

"ምንም አይልም።"

ከፈለችና ጡቷ ሥር ሸጉጣ ወጣች። እንዲህ ያለች ሴት ለመጫወቻ ገንዘብ ማውጣቷ ገርሞኝ፣ "ለስንት ዓመት ልጅ ይሆን የገዛችው?" ብል እቴቴ ብርቄ ከት ብላ የምትስቀው ሴትዮ ሳትስቅ አየችኝ።

"አንቺ፣ ትምህርት ቤት ምን ሲያስተምሩሽ ነው የከረሙት? ያቺ ሴት ጎተራ ውስጥ ያስቀመጠችው ልጅ አላት። አፈሳ ሞኙን መሰለሽ የሚይዘው? የሰለቸውን ነው የሚይዘው።"

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ለብሔራዊ ውትድርና ልጆቹ ከገበያ፣ ከመንገድ፣ ከኳስ ሜዳ ይታፈሳሉ። መኪና ላይ ይጫናሉ፤ ወደ ሰሜን ይላካሉ። ስለዚህ ወንድ ልጅ ያላቸው እናቶች ልጃቸውን ይደብቃሉ። ልጁ ሳምንት ይደበቃል፣ ሁለት ሳምንት ይደበቃል፤ ከዚያ ጨለማና ዝምታ ይሰለቸዋል። ለአምስት ደቂቃ ኳስ አይቼ ልምጣ ይላል፣ አንዲት ልጅ ትናፍቀዋለች፣ በዚያው ይቀራል። ኩሊው ልጁን ያስቀምጣል። አንዷ እናት ለአንዷ ሹክ ብላ ወሬው ሞጆና መቂ ደረሰ። አውሮፕላኖቹን እቴቴ በመጨረሻ ዝም እንዲሏት ለቀበሌ ሹሞች ልጆች በስጦታ ሰጠቻቸው። በር ላይ ተቀምጠው ሲያስጮኹት ይውሉ ነበር፤ እነሱ ማንን ፈርተው።

አንዱን ኩሊ ደግሞ እኔ ቤቴ ወሰድኩ። ታናሼ ዳንኤል ኮርኒስ ላይ ነበረ።

ቤታችን ዝም ማለትን ቀድሞ ያወቀ ቤት ነው። ጴንጤዎች ነበርን፤ በዚያን ጊዜ የምንጸልየው መስኮት ዘግተን፣ መዝሙሩንም በከንፈር ብቻ ነበር። ዳንኤል ግን ዝምታ ያልተፈጠረለት ልጅ ነው። ያፏጫል፣ ይቀልዳል፣ ብቻውን ሲሆን እንኳ ያወራል። ማትሪክ ወደቀ፤ የወደቀ ልጅ ደግሞ ለውትድርና የተመዘገበ ያህል ነው። አባባ ዕቃ ቤቱ ላይ ያለውን ኮርኒስ በአንድ በኩል ቀደደና በሳንቃ የሚከደን ቀዳዳ አበጀ። ዳንኤል በእንጨቶቹ ላይ ጆንያ አንጥፎ ይተኛል፤ ከሥሩ ኖራ የተቀባ የጨርቅ ኮርኒስ ነው፣ ከላዩ ቆርቆሮ። የናዝሬትን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ያን ጊዜ የበጋው ማብቂያ ነበር፤ ንፋሱ አቧራውን ይዞ በሰፈሩ ይዞራል፣ ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ በእጅ አይነካም። እማዬ ውሃ ውስጥ ያሳደረችውን ሐብሐብ ቆርጣ በቀዳዳው ታቀብለዋለች። ፍሬውን እንኳ ወደ ታች እንዳይተፋ አስጠንቅቃዋለች፤ ወለሉ ላይ ቢገኝ ከየት መጣ ይባላልና።

ፍለጋው የሚበዛው ከጎህ እስከ እኩለ ቀን ነው። ስለዚህ ማታ ወርዶ ከኛ ጋር ይበላል፣ ይተኛል። ኩሊውን ትራሱ ሥር ያደርጋል፤ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይቀሰቅሰዋል፤ ሳይነጋ ይወጣል። ቀን ቀን ያቺን ማጥፊያ ገፍቶ ይጫወታል። አንዳንዴ ዕቃ ቤት ስገባ በሹክሹክታ ይጠራኛል።

"ጽጌ፣ ዛሬ ሰውዬዬ አንዴም አልወደቀ።"

"ጎበዝ፣ ኩሊ ወጥቶሃል።"

"ከዚህ ስወርድ አባባ ጣቢያ ያስቀጥሩኛል በያ።"

አባባ ባቡር ጣቢያ ነበር የሚሠራው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ተረኛ። ባቡሩ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሄደው። እኛ ጧት ሁለት ሰዓት የምንለው ለባቡሩ ስምንት ነው። ስለዚህ የአባባ የእጅ ሰዓት ዕድሜውን ሁሉ በፈረንጅ የተሞላ ነበር። ስንት ሰዓት ነው ሲሉት ሰዓቱን ያይና ሳያስብ በኛ ይናገራል። እቴቴ ብርቄ፣ "አንተ ሰውዬ እጅህ ፈረንጅ፣ አፍህ ሐበሻ" እያለች ታበሽቀው ነበር። ሁላችንም የሳቅንበት ቀልድ ነው።

አንድ ቀን የኩሊው ድንጋይ አለቀ። የዚያን ዕለት ንጋት ዳንኤልን እማዬ በእጇ ቀስቅሳ አወጣችው። እኔ ሱቅ ከመግባቴ በፊት ሰዓት ሠሪው ጋ ሮጬ አዲስ ድንጋይ ይዤ መጣሁ። አባባ ከሌሊት ተረኝነት ገና መግባቱ ነው፣ ዓይኑ ቀልቷል። "አምጪ፣ እኔ እቀይረዋለሁ" አለ። ድንጋዩ ሲወጣ ሰዓቱም መቀስቀሻውም ጠፍቶ ከባዶ ነው የሚጀምረው። ዳንኤል ከላይ በቀዳዳው አፉን አስጠግቶ፣ "አባባ፣ ሰዓቱንም ይሙሉልኝ፤ መቀስቀሻውን አሥራ አንድ ላይ" አለ።

አባባ የእጅ ሰዓቱን አየ፤ ኩሊውን ሞላ። መቀስቀሻውን እንደተባለው አሥራ አንድ ላይ አደረገ። ለዳንኤል አቀበለውና ልብሱን ሳያወልቅ ጋደም አለ። እኔም የረሳሁት ዘንቢል ነበርና ስፈልግ፣ እማዬም ቁርስ ብይ ስትለኝ፣ ሳልወጣ ረፈደብኝ።

አምስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው በሩ ተመታ። ሦስት ናቸው፤ የቀበሌው ጥበቃ አቶ ደምሴና የማናውቃቸው ሁለት ወታደሮች። አቶ ደምሴ ጎረቤታችን ነው፣ በዓል በመጣ ቁጥር ቤታችን የሚበላ ሰው። ዓይናችንን ሳያይ፣ "ትእዛዝ ነው" አለ። አልጋ ሥር አዩ፣ ዕቃ ቤት ገቡ፣ የጤፉን ጆንያ ወጉ። አንደኛው ወታደር በዱላው ኮርኒሱን እዚህም እዚያም ነካ ነካ አደረገው። እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም። አባባ ከእንቅልፉ ነቅቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

"የለም ተባላችሁ እኮ" አለ አቶ ደምሴ። "ልጁ አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ ነው። እኔ አውቃለሁ፣ እንሂድ።"

አመኑት። አንደኛው ወጣ። ሁለተኛው፣ ልጅ እግሩ፣ ወደ በሩ ዞሮ ሳለ ተመለሰና፣ "እህት፣ ውሃ ካለ" አለኝ። ሙቀቱ እሱንም ገድሎታል። በጣሳ ቀድቼ ሰጠሁት። አንጋጦ መጠጣት ጀመረ።

ቲት ቲት አለ። ከላይ። ቲት ቲት፣ ቲት ቲት።

መጀመሪያ አፉን የከፈተው አቶ ደምሴ ነው። "የጋሽ ወልዴ ሰዓት ነው" አለ ፈጥኖ፣ አባባን ማለቱ ነው። ያን ማለቱን እስከ ዛሬ እቆጥርለታለሁ። አባባም ክንዱን አነሳ፤ "አዎ፣ የኔ ነው" አለ። የእጅ ሰዓቱ ግን ጸጥ ብላለች፣ ድምፁ ከራሳችን በላይ ነው፣ አያቆምም። ዳንኤል በጨለማው ውስጥ በሆዱ ሊያፍነው፣ ቁልፉን በዳበሳ ሊያገኘው ይንፈራገጣል። ማጥፊያዋ እንደሆነ ተገፍታለች። ለካ የምታጠፋው የጨዋታውን ድምፅ ብቻ ነው፤ መቀስቀሻውን አትነካውም። ማን ያውቃል ይህን? ማንስ ጠይቆን ያውቃል? የኖራ ብናኝ ከኮርኒሱ ረግፎ ወታደሩ ትከሻ ላይ አረፈ።

ወታደሩ ጣሳውን ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። አልጮኸም። "ና፣ ውረድ" አለ።

"ኢልመ ኮ" አለች እማዬ። ልጄ ማለቷ ነው፤ በጣም ስትጨነቅ ኦሮምኛዋ ነበር የሚቀድማት።

ዳንኤል ፀጉሩ በኖራ ነጭቶ፣ ዓይኑን ብርሃኑ እየወጋው ወረደ። ሁለቱ ልጆች ፊት ለፊት ቆሙ፤ እኩያ ናቸው።

"ምን ትሠራ ነበር?" አለው ወታደሩ።

"ስጫወት።"

ይዘውት ወጡ። ጫማ እንኳ አላደረገም። እማዬ ጫማውን በእጇ ይዛ ስትከተላቸው ድምፅ አውጥታ ታለቅስ ነበር፤ ያን ያህል ጊዜ ያፈነችውን ለቅሶ።

እኔና አባባ ዕቃ ቤት ገባን። ኩሊው ጆንያ ላይ ወድቋል። አነሳሁት። አሥራ አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይላል፣ አጠገቡም የፈረንጁን ጧት የምታሳየው ፊደል አለች። ሳሎን ያለው የግድግዳ ሰዓታችን አምስት ካለፈ ጥቂት ይላል። አባባ ኩሊውን አየ፣ የእጅ ሰዓቱን አየ፣ ሁለቱ አንድ ናቸው። ልጁ አሥራ አንድ ያለው በኛ ነው፣ ሌሊቱን። የአባቱ እጅ የሞላው በባቡሩ ሰዓት። ጆንያው ላይ ተቀመጠ።

"እናትሽ አትስማ" አለኝ።

ዳንኤል ከማሠልጠኛ ወደ ሰሜን ተላከ። ከወንጂ የመጣ አንድ ልጅ አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው ብሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሰማ የለም። ደርግ ወድቆ የተበተነው ጦር እግሩ ቆስሎ፣ ዳቦ እየለመነ በናዝሬት ሲያልፍ፣ እማዬ ከጧት እስከ ማታ አስፋልት ዳር ቆማ ዳቦ ታድል ነበር። ዳቦውን የምትሰጠው ፊታቸውን ለማየት ነው። አገጫቸውን ይዛ ቀና አድርጋ ያየቻቸው ልጆች ነበሩ። ሰልፉ አለቀ፤ እሷ ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ቀን ሄዳ ትቆም ነበር።

ጥፋቱን እማዬ በእህቷ ላይ ጣለችው። "የተበላሸ ዕቃ ሰጥታ ልጄን አስበላችኝ፣ ድምፁ ይጠፋል ብላ" አለች። ከእቴቴ ብርቄ ጋር ቡና መጣጣት ቀርቶ መንገድ ላይ መተያየት ቀረ። አባባ ይህን መቻል አቅቶት አንድ ቀን ሱቅ መጣና እኔ እያለሁ እውነቱን ለእቴቴ ነገራት። የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ለሚስቴ እናገራለሁ አለ።

"አትንገራት" አለችው። "እኔን ትቆጣ። እኔ በሌላ ቤት ነው የምኖረው። አንተን ከተቆጣች ማን አጠገብ ትተኛለች?"

እንዲሁም ሆነ። እቴቴ ብርቄ ያልሠራችውን ተሸክማ ኖረች። እናቴ ስትሞት ቀብር ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ነበር የቆመችው። አባባ ያችን ሰዓት ዳግመኛ አላሰረም፤ ስንት ሰዓት ነው ሲሉት ፀሐይዋን እዩ ይል ነበር። እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ ሰው በዚህ ሰዓት እንገናኝ ሲለኝ "በማን?" ብዬ ሳልጠይቅ አልቀርም። ልጆቼ ይስቁብኛል። ሁሉም ካለፉ ወዲህ ይህን ሳወራ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከዚህ በላይ ዝም ማለት ደግሞ አልቻልኩም።

ሱቁ ውስጥ ያለው ወጣት ጥያቄዬ አሳቀው። "ይጠፋል ማዘር፣ ይኸው" ብሎ አንድ ቁልፍ ተጫነ። ጨዋታው ጸጥ አለ።

"ሁሉም?" አልኩት።

"ምን ሁሉም?"

"ሁሉም ድምፅ። መቀስቀሻ አለው አይደል? እሱስ?"

ልጁ ዕቃዋን ተቀብሎኝ ጎንበስ ብሎ ነካካ። "ኧረ እሱ ለብቻው ነው" አለ። "ካላጠፉት ይጮኻል። እኔም አላውቅም ነበር።"

"እንግዲያው አሳየኝ።"

አሳየኝ። በገዛ ጣቴ እስክችለው ደጋግሜ አስደገምኩት። ሌላ ገዢ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ፤ ናቲ በኔ አፍሮ ቀሚሴን ይጎትታል።

"እማማ በቃሽ" አለኝ። "ማን እንዳይሰማን ነው?"